የሰንሰል አጥር በአቃቂ

ይህን የምጽፈው ለአገሬ ሰዎች ነው። ከደብረ ሲና በታች ባለው ቁልቁለት ለምትኖሩ፣ የላማችሁ ጡት ሲያብጥ ወደ እኔ ደጅ ለምትነዱ፣ መድኃኒት ስወቅጥ ፊታችሁን አዙሩ ስላችሁ ሳታጉረመርሙ ላዞራችሁ። አብዛኞቻችሁ አቃቂን አላያችሁም፤ የምታዩትም አይመስለኝም። ብታዩትም የሚያስቀና ነገር የለውም። ነገር ግን እዚያ የሆነው እናንተንም ስለሚመለከት ከመነሻዬ እስከ መመለሻዬ በተራ ጽፌዋለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስኳር የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ ጥዬ አላውቅም። ልጆቼን ያሳደግሁት በቁጣ ነው። ሲዋሹ ካገኘኋቸው ያን ቀን እራት የላቸውም ነበር። ይህን የማነሳው ለመመካት አይደለም፤ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ልጄ አሰገደች አቃቂ አግብታ ትኖራለች። ባሏ ግርማ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እሷ ከቤቷ ጀርባ ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሏት። ሁለቱ ገና ጊደሮች ናቸው። የምትታለበው አንዷ ብቻ ነበረች፤ ሸጊቱ ትባላለች። ስሙን ይዛ የመጣችው ከገዟት ከኦሮሞ ገበሬ ቤት ነው፤ ቆንጂት እንደማለት ነው አሉኝ። የልጆቹ ደብተር፣ የቤቱ ዘይት፣ የጊደሮቹ ፉርሽካ ሳይቀር የሚወጣው ከሸጊቱ ጡት ነበር። እሷ ከደረቀች ያ ቤት ይደርቃል።

ከመነሳቴ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አሰገደች ደወለች። የሸጊቱ አንድ ጡት አብጧል፣ ወተቱ እንደ እርጎ ቋጥሯል፣ መርፌ ተወግታ እብጠቱ የጎደለው ትንሽ ነው አለች።

"ግን አይስጉ አባባ፤ ያንን የእርስዎን ቅጠል እያደረግሁላት ነው" አለችኝ።

"በርቺ" አልኳት።

ይህን ቃል ያዙልኝ።

አንደኛ ቀን

ሁለተኛው ስልክ ሲመጣ ልጄ እያለቀሰች ነበር። ሁለተኛውም ጡት ተይዟል። አሰገደች የምታለቅስ ልጅ አይደለችም፤ እናቷ የሞተች ቀን እንኳ ቀብር እስክንመለስ ቆማ እንግዳ ያስተናገደች ናት። ስለዚህ አድርቄ የወቀጥኩትን ቅጠል በጨርቅ ከረጢት ሞልቼ ማለዳ ተነሳሁ። ኅዳር ገብቶ ስለነበር ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። አቀበቱን በእግሬ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ደብረ ሲና ደረስኩ።

ያደርኩት መናኸሪያው አጠገብ ባለች አልጋ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ደግ ሴት ናት። ለላም ሕክምና እንደምሄድ ስትሰማ የራሷን ብርድ ልብስ ደረበችልኝ፤ ጠዋት በሶ በጥብጣ ሰጠችኝ። ከረጢቴን አይታ፣

"ይቺ ጨርቅ ነገር ታስገባለች አባቴ፤ ወፍራም ፌስታል አለኝ፣ ልክተትልዎ?" አለችኝ።

"አያስፈልግም" አልኳት። ድምፄ ሻካራ ነበር። ስትከት እንዳታየው፣ እንዳታሸተው ብዬ ነው። እናንተ ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ የቅጠሉ ስም ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። አባቴ ለእኔ ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ለበኩር ልጄ ለዓለማየሁ አስምዬ ነግሬዋለሁ። ዓለማየሁ ዛሬ የጅቡቲ መስመር ላይ የጭነት መኪና ይነዳል።

ሁለተኛ ቀን

አውቶቡሱ ውስጥ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ "ምንድን ነው አባት? ደስ የሚል ሽታ አለው" ብሎ ሲያጎነብስበት ደሜ ፈላ። ወዲያው ረዳቱን ጠርቼ ጣሪያ ላይ ጫነው አልኩት። ሰውዬው አዝኖ መስኮት መስኮቱን እያየ ሄደ። በኋላ ሸኖ ስንደርስ ቆሎ ሰጠኝ፤ ተቀብዬ በላሁ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

አዲስ አበባ ላም በረት ስንወርድ ረዳቱ ከረጢቴን ወረወረልኝ። ከመያዜ በፊት ሸተተኝ። ጣሪያው ላይ አጠገቡ የነጭ ጋዝ ጀሪካን ጭነውበት ኖሮ ክዳኑ አፍስሶ ጨርቁን አርሶታል። እጄን ብከት ዱቄቱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ይህን ለላም ጡት አይደለም ለግንድም አይቀቡትም። ረዳቱ፣ "ፋዘር፣ ፌስታል ውስጥ ቢያደርጉት ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር" አለኝ። የአልጋ ቤቷን ሴት አስታወስኩ።

ከዚያ በሁለት ሚኒባስ ሳሪስ አቦ ደረስኩ። የሚኒባስ ረዳት እንደኛ አገር ሰው አይጠይቅም፤ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮህና የሰማህ ትገባለህ፣ ያልሰማህ ትቀራለህ። እኔ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። ሳሪስ አቦ ግርማ ከሥራ ወጥቶ ጠበቀኝና አብረን ወደ አቃቂ ወረድን። መንገዱ ግራና ቀኙ የፋብሪካ አጥር ነው። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙን አየሁት። የእኛ ወንዝ ድንጋዩን እየቆጠርክ የምትጠጣው ነው፤ ይህኛው ግን እንደ ቆዳ ማልፊያ ገንዳ ውኃ ጠቁሮ አረፋ ይዟል።

ከዋናው መንገድ በባጃጅ ገባ ብለን የአሰገደች ቤት ደረስን። ልጄ ከስታለች። ጉልበቴን ሳመችና ገና ሳልቀመጥ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ወደ ላሚቱ የምትወስደኝ መስሎኝ ነበር። አጥሩ ጋ አቆመችኝ።

"ይዩት እንጂ አባባ! ለእማዬ ተዝካር የመጣሁ ጊዜ ከደጅዎ ቆርጬ የወሰድኩት ነው። አንድም አልሞተብኝ።"

ከጓሮው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቁመቴን የሚያክል፣ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ የሰንሰል አጥር ነበር። ሥሩ ተኮትኩቷል። አንደኛው ጎኑ ከመቆረጥ ብዛት ሳስቷል።

እዚህ ላይ የእኔን ሥራ ላስረዳችሁ። ቅጠላችን እንዳይታወቅ ሌላ ቅጠል አብረን እንይዛለን። ዋናውን በጋቢያችን ሥር ደብቀን ሰንሰሉን በአደባባይ ተሸክመን እንመጣለን፤ ሰው ሁሉ ሰንሰሉን አይቶ ይሄዳል። ሰንሰሉ አይጎዳም፤ ለጡት የሚያደርገው ነገር እንዳለም አላውቅም። ለማሳሳቻ ነው። አሰገደች ከልጅነቷ ጀምራ ከበር ቆማ ስታይ ያደገችው ያንን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ የላሚቱን ጡት ስትቀባ የኖረችው የእኔን ማሳሳቻ ነው።

"ጎበዝ" አልኳት። 

ሦስተኛ ቀን

ያደርኩት ጎረቤት አቶ ቶሎሳ ቤት ነው። የልጄ ቤት አንድ ክፍል ስለሆነች ሳይጠየቁ መጥተው፣ "እንግዳው የእኔ ነው" ብለው ወሰዱኝ። የሳቸው ቤተሰብ ፋብሪካው ሳይመጣ እዚያው ያረሰ ነው። አሁን የአንድ መጋዘን ዘበኛ ናቸው። ባለቤታቸው የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረቡልኝና በልቼ ሳልጨርስ ደግመው ጨመሩ። ከተማ ውስጥ ሰው ሰውን አያውቅም እያልኩ ያስተማርኳችሁን እዚህ ላይ አርሙልኝ።

ሸጊቱን ያየኋት በቀን ብርሃን ነው። የእኛ ላም ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች፣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ ማታ ሁለት ኩባያ ትታለባለች። ይህቺ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ትውላለች። ጡቷ እንደ አቁማዳ ተንጠልጥሎ ከጉልበቷ በታች ይደርሳል። የኋላው ግራ ጡት ደርቋል። የኋላው ቀኝ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ቆዳው ወደ ጥቁረት ሄዷል። ስነካው በእግሯ አልመታችኝም፤ ዞራ አየችኝ ብቻ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ረፋዱ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ልጅ እግር ነው፤ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ አራት ጎድጓዳ ያለው ሰሃን ይዞ። ከየጡቱ ትንሽ ትንሽ አለበና ፈሳሽ ጨመረበት። ከፊት ጡቶች የታለበው እንደ ነበረ ቀረ። ከኋላው ቀኝ የታለበው ወዲያው እንደ ንፍጥ ተጎተተ።

"መርፌው ስንት ቀን ተሰጣት?" አለ።

"ሁለት ቀን" አለች አሰገደች። "እብጠቱ ሲጎድል አቆምን።"

"አምስት ቀን አይደል ያዘዝኩት?"

"ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው ዶክተር። የተረፈውን ለሌላ ጊዜ እናስቀምጣለን፣ እንዋዋሳለን።"

"ለዚህ እኮ ነው! ደካማውን ጀርም ትገድሉና ጠንካራውን ታስተርፉታላችሁ። ያ ደግሞ ከዚህ በረት ወደዚያ በረት ይዞራል። አሁን መርፌውን ለምዶታል፤ እንደ ውኃ ነው የሚቆጥረው።" ጓንቱን አወለቀ። "ከዚያ በኋላስ? ሦስት ሳምንት ምን ስታደርጊ ነበር? ለምን አልጠራሽኝም?"

"የአባቴን ቅጠል ስቀባት ነበር" አለችና አጥሩን አሳየችው።

"ሰንሰል?" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው አባቴ? ለጡት በሽታ?"

"በአገራችን ይደረጋል" አልኩ።

ውሸት አይደለም፤ ይደረጋል። የማደርገው እኔ ነኝ። በሰባ ዓመቴ ውሸትን እንዲህ እውነት አስመስዬ መናገር እንደምችል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። "እኔ ቅጠል የምንቅ ሰው አይደለሁም" አለ። "መርፌዎቹ አንድ በአንድ እየከዱን ነው። የተማርኩበት ኮሌጅ የአገር ቅጠል የሚፈትሹ መምህራን አሉ። ከታመመው ወተት ጀርሙን ሰሃን ላይ ያሳድጉና የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ ያደርጉበታል። የሚገድለው ከሆነ ጠብታው ያረፈበት ዙሪያ ጥርት ብሎ ይታያል። እርስዎ የሚያውቁት ሌላም ቅጠል ካለ ይስጡኝ፣ እወስደዋለሁ።"

"ጥርት ካላለስ?"

"ካላለማ አይሠራም ማለት ነው" አለ። እንደ ቀላል ነገር።

"የቤታችን ነገር ከቤት አይወጣም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሌላ ዓይነት መድኃኒት ወግቷት ሄደ። በተከታታይ መሰጠት አለበት፣ ወተቷ ለሰው አይሰጥ፣ ሥጋዋም እንደዚሁ ብሎ አስጠነቀቀ። አሰገደች ከደህናዎቹ ጡቶች ያለበችውን ነጭ ወተት ባልዲ ሙሉ ቦይ ውስጥ ደፋችው። እኛ አገር ወተት መሬት ላይ ጠብ ሲል ሰው ይደነግጣል። እሷ ፊቷን እንኳ አላጨማደደችም፤ ለምዳዋለች።

አራተኛ ቀን

ቅጠሉን እዚያው መፈለግ ነበረብኝ። ለአቶ ቶሎሳ፣ "ጭንጫ ተዳፋት፣ ሰው ያልነካው፣ የት ይገኛል?" ስላቸው ሳቁ።

"ሰው ያልነካው? በአቃቂ? እንሂድና እንፈልገው፤ እኔም ካየሁት ቆይቻለሁ።"

ከሌሊት ፈረቃቸው እንደወጡ፣ ሳይተኙ፣ ይዘውኝ ወጡ። በቂሊንጦ በኩል ሄድን። የእስር ቤቱን አጥር፣ የሚሠሩትን ፎቆች፣ የአሸዋ ክምር አለፍን። አንድ ቦታ ቆም አሉና በከዘራቸው አሳዩኝ።

"ያ አራተኛ ፎቁ ላይ ልብስ የተሰጣበት ይታይዎታል? እዚያ ላይ የአባቴ ጤፍ ነበር። ፎቁ ላይ ማለቴ አይደለም፤ ሥሩ። አሁን በፈረቃ የምጠብቀው መጋዘን ደግሞ የእናቴ ጎመን ነበር። የገዛ መሬቴን ለሰው እጠብቃለሁ። ደመወዝ ይከፍሉኛል፤ አባቴ ይህን አላገኘም።"

ሲሳቅ የሚያስለቅስ ነገር ነው። እኛ አገር መሬቱ ጭንጫ ነው እያልን እናማርራለን፤ ጭንጫ ስለሆነ ማንም አልፈለገውም፣ ስለዚህ አለን።

ከቀትር በኋላ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ኮረብታ ጀርባ ቅጠሉን አየሁት። አሥራ አምስት የማይሞላ ቁጥቋጦ ብቻ ቀርቷል፤ የቀረው ለማገዶ ተቆርጧል። ምን እንደምቆርጥ እንዳያዩ እንዴት ብዬ እንደምጠይቃቸው ሳስብ አቶ ቶሎሳ ቀደሙኝ።

"መድኃኒት የሚቆርጥን ሰው አለማየት የእኛም ወግ ነው። ዞሬ እቀመጣለሁ። ሲጨርሱ ይሳሉ።"

ድንጋይ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሽማግሌ፣ ለማያውቀው ሰው ግማሽ ቀን ሙሉ የተጓዘ፣ ጀርባው ጎብጦ። ቆረጥኩና ሳልኩ። ወደ ሰፈር መመለስ ጀመርን። ከዚያ፣

"ስሙን አልጠይቅዎትም" አሉ። "ግን አሰገደች ጠዋት ጠዋት ሰንሰል ስትቆርጥ በአጥር አያታለሁ። ሰንሰል ፈልገን ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስ አንመጣም ነበር።"

ቅጠሉን በጋቢዬ ሥር አስገባሁ።

"እኔ ምን አገባኝ" አሉና ከዘራቸውን አንስተው ቀደሙኝ።

አምስተኛና ስድስተኛ ቀን

ሁለቱን ቀን በረት ውስጥ ዋልኩ። ጠዋትና ማታ አሰገደችን አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቅጠሉን ወቅጬ በለብ ያለ ውኃ ጡቷን ቀባሁ። ልጄ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች። ባልዲ ትሰጠኛለች፣ ባልዲ ትቀበለኛለች። አንድ ጊዜ በበሩ ስንጥቅ ዓይኗን አየሁት፤ "ዞር በይ!" ብዬ ጮህኩባት። ዞረች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ጥንካሬው ትንሽ የላላ መሰለኝ። "ቅጠሉ ያዘ!" ብዬ ተናገርኩ፣ አሰገደችም እልል ልትል ቃጣት። ሐኪሙ አዲሱን መርፌ ለአራተኛ ጊዜ የወጋት በዚያው ጠዋት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንዳላላው እኔ በምን አወቅሁ? ዕድሜ ልኬን ግን እንዲህ ነው የኖርኩት። የዳነችውን ላም ቅጠሉ አዳናት እላለሁ፤ የሞተችውን ዘግይታ መጣች እላለሁ። የእኛ ላሞች ጡታቸው ትንሽ ነው፣ ይሄዳሉ፣ ጥጃቸው ይጠባቸዋል፤ ብዙዎቹ ምንም ባይደረግላቸው ይድኑ እንደሆነም አላውቅም። አይቼ አላውቅማ። ለማየት አንዷን ሳይቀቡ መተው ያስፈልግ ነበር።

ማታ ትኩሳቷ ተመለሰ። ገለባውንም የቢራ አተላውንም አልነካችም።

ሰባተኛ ቀን

ግርማ ደላላ ጠራ። አልፈርድበትም፤ ላሚቱ ሳትወድቅ ለሥጋ ብትሄድ ቢያንስ ጊደሮቹ እስኪወልዱ የሚሻገሩበት ነገር ይገኝ ነበር። ደላላው ፈጣን ሰው ነው። ጀርባዋን መታ መታ አደረገና፣

"ሥጋዋ ደህና ነው። መርፌ ተወግታለች እንዴ?" አለ። ማንም ሳይመልስ እጁን አነሳ። "አልተወጋችም በሉኝ፤ ለእኔ ይበቃኛል።"

"አልተወጋ..." ብሎ ግርማ ጀመረ።

"ግርማ!" አልኩት። ተነስቼ ቆምኩ። "ሰው የሚበላውን ነገር! የማያውቀው ሰው ልጁን የሚያበላውን! ዝም ማለትም መዋሸት ነው። እያወቁ መደበቅ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው!" ብዙ ተናገርኩ። ስመክር እንዴት እንደምሆን ታውቃላችሁ።

ግርማ አንገቱን ደፋ። አሰገደች እኔን አየችኝ፣ ላሚቱን አየቻት። ከዚያ ለደላላው፣

"ተወግታለች" አለችው። "ዛሬም ተወግታለች።"

"እኔማ አልሰማሁም ልላችሁ ነበር" አለ ደላላው። "እንግዲህ ከነእውነታችሁ ተቀመጡ።" ሄደ።

ግርማ ወደ ሥራው ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "አባታችን፣ ደስ ይበልዎ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ማንም አላናገረኝም። እኔ ግን የራሴን ቃል ሰምቼዋለሁ። እያወቁ መደበቅ ብዬ ስጮህ፣ ከትከሻዬ ጀርባ ያ የሰንሰል አጥር ቆሞ ነበር።

ስምንተኛ ቀን

ጠዋት በረቱን ስንከፍት ሸጊቱ ሞታለች።

እኛ አገር ላም ብትሞት ገደል አለ፣ ጅብ አለ፣ ሰፊ መሬት አለ። እዚያ የሚቀብሩበት የለም። አቶ ቶሎሳ ሦስት ሰው ደጅ ቆሙ፤ አንዱ መሬቱ የእሱ አይደለም፣ ሁለተኛው ግንባታ ሊጀምር ነው፣ ሦስተኛው ሽታውን ፈራ። በመጨረሻ ጋሪ ተከራይተን ከከተማው ወጣ ባለ ጉድጓድ ጣልናት። አቶ ቶሎሳ አፈር ሲመልሱ፣ "በአባቴ አገር አንድ ላም የሚቀበርበት መሬት ይጥፋ?" አሉ። 

አመሻሽ ላይ አሰገደች ጓሮ ባልዲ ስታጥብ ሄድኩ። አጥሩ አጠገብ ቆምኩ።

"አሰገደች፣ ይህ አይደለም።"

"ምኑ?"

"ቅጠሉ። ሰንሰሉ ለማሳሳቻ ነው። ሰው ዋናውን እንዳያውቅ የምይዘው ነው።"

እጇ ባልዲው ውስጥ ቆመ።

"ስደውልልዎ ያውቁ ነበር?"

"የያዝሽው ዋናው እንዳልሆነ አውቅ ነበር።"

"በርቺ አሉኝ።"

"መርፌው ያድናታል ብዬ ነው። ከዳነች ቅጠሉ ይመሰገናል፣ አንቺም ምንም አታጪም ብዬ ነው።" ይህን ለመናገር ስንት ጊዜ እንደቆምኩ አልነግራችሁም። "ስሙን ብነግርሽ ደግሞ ለሴት ልጅ ነግሮ አፈረሰው እንዳልባል።"

 ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ በዝግታ ጠየቀችኝ።

"ለዓለማየሁ ነግረውታል?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ላም አለው?"

"የለውም።"

ባልዲውን ገለበጠችውና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ጠበቀች። ስሙን ነገርኳት። "እሺ" አለች እንጂ አልደገመችውም።

"አጥሩን ነቅዬ ልጣልልሽ" አልኳት።

"ይቆይ" አለች። "ለአጥር ጥሩ ነው።"

ቤት ገባች። ትንሽ ቆይታ ከበሩ ላይ፣ "እራት ቀርቧል አባባ፣ ይግቡ" ብላ ጠራችኝ። ሽሮ ነበር፣ በቅቤ። ቅቤው የሸጊቱ ነው፣ የመጨረሻው። አጉርሳ አበላችኝ። በላሁ።

መመለሻ

በማግስቱ ከመሳፈሬ በፊት የሐኪሙን ቢሮ ጠይቄ አገኘሁት። ከቅጠሉ የተረፈኝን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ስሙን፣ የሚቆረጥበትን ጊዜ፣ የምወቅጥበትን መጠን ነገርኩት፣ ጻፈው። "ከልብዎ ነው?" አለኝ። "ጥርት ባይልም ውጤቱን ላክልኝ" አልኩት። በመንገድ የሆነ ብዙ የለም። ደብረ ሲና ለአልጋ ቤቷ ሴት ቀጭን ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዤላት ገባሁ፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ግን ተቀበለችኝ።

አሰገደች ከተመለስኩ ወዲህ አልደወለችም። እኔ ስደውል ግርማ ያነሳና ደህና ናት ይለኛል። አንዷ ጊደር ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል።

አሁን እናንተ። ቅጠሉ ክትክታ ነው። አዎ፣ ያ በየተዳፋቱ የሚበቅለው፣ ሚስቶቻችሁ በየቀኑ ለማገዶ የሚቆርጡት፣ ልጆቻችሁ ፍየል የሚጠብቁበት። አባቴና አያቴ ከእናንተ የደበቁት እሱን ነው፤ እኔም እንደዚሁ። የሰንሰሉ ሥራ እናንተን ማሳሳት ብቻ ነበር። ላማችሁ ስትታመም አስቀድማችሁ ሐኪም ጥሩ፤ መርፌ ሲጀመር የታዘዘውን ቀን ጨርሱ፤ የተወጋችን ላም ወተት ለሰው አትስጡ። ከዚያ ቅጠሉንም ከፈለጋችሁ ኑ፣ እወቅጥላችኋለሁ፤ ማዳኑን ግን አልምልላችሁም። ያልዳኑትን ቆጥሬ አላውቅም።

ስትመጡ ፊታችሁን አታዙሩ።